ምክትልነት፣ ዩኒት ሊደርነት ወይስ የትምህርት ክፍል ተጠሪነት? ሹመቱን ከመቀበልዎ በፊት የሚመዝኑበት መንገድ

ነሐሴ ሲያልቅ ወይም ጳጉሜን ላይ ለአንዳንድ መምህራን አጭር ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። «ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ በምክትል ርዕሰ መምህርነት እንዲሠሩ ተመድበዋል» ይላል፤ ከታች ማኅተም፣ ግልባጭ ለማህደር። የእንኳን ደስ አለዎት ስልክ ከበረደ በኋላ ጥያቄው ይመጣል፦ ሥራው በትክክል ምንድን ነው? ደብዳቤው አይናገርም።

በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከርዕሰ መምህሩ በታች አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓይነት ኃላፊነት አለ፦ የመማር ማስተማር ምክትል ርዕሰ መምህር፣ የአስተዳደር ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ዩኒት ሊደር እና የትምህርት ክፍል ተጠሪ፤ በመምህራን አነጋገር ዲፓርትመንት ሄድ። ትንሽ ትምህርት ቤት ከሆነ ምክትሉ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ሥራ ይደርባል። በየቦታው ስሙ ይለዋወጣል፤ አንዱ ዘንድ «ቫይስ ዳይሬክተር» የሚባለው ሌላው ዘንድ ከዩኒት ሊደር ያነሰ ሥልጣን ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ሹመቶቹን በስማቸው አያወዳድሩ። ሦስት ነገር ይቁጠሩ፦ የትኛው ወረቀት በእርስዎ ፊርማ እንደሚያልፍ፣ በሳምንት ስንት ፔሬድ እያስተማሩ እንደሚቀጥሉ፣ ሥራው ሲሰናከል ስሙ የሚጠራው ማን እንደሆነ። ሦስተኛው ላይ ስምዎ ኖሮ መጀመሪያው ላይ ፊርማዎ ከሌለ፣ የያዙት ሥልጣን ሳይሆን ዕዳ ነው።

የመማር ማስተማር ምክትል

ሰኞ ጠዋት ደውል ተደውሎ አንድ ክፍል መምህር ካልገባበት ርዕሰ መምህሩ መጀመሪያ የሚጠራው ይህን ሰው ነው። የፔሬድ ድልድል፣ ዓመታዊና ሳምንታዊ የትምህርት ዕቅድ፣ የክፍል ምልከታ፣ ተከታታይ ምዘና፣ ፈተና፣ የመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ እሱ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል።

በቁጥር እንየው። 24 ሴክሽን (የተማሪዎች የመማሪያ ክፍል) ያለው፣ በቀን 7 ፔሬድ የሚሰጥ ትምህርት ቤት በሳምንት 24 × 35 = 840 ፔሬድ መሸፈን አለበት። አንድ መምህር በአማካይ 20 ፔሬድ ቢይዝ 42 መምህራን ያስፈልጋሉ። ሒሳብ ለእያንዳንዱ ሴክሽን በሳምንት 5 ፔሬድ ቢሰጥ 120 ፔሬድ ይሆናል፤ ይህ የ6 መምህራን ሥራ ነው። ያሉት 5 ከሆኑ እያንዳንዳቸው 24 ይሸከማሉ። ይህን ስሌት በየትምህርቱ ነሐሴ ላይ ሠርቶ ጉድለቱን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ያላስታወቀ ምክትል፣ ጥቅምት ላይ ባዶ ክፍል ሲገኝ የሚያሳየው ወረቀት አይኖረውም። በቃል የተነገረ እጥረት እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

ድልድሉ ሲሠራ አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከቅደም ተከተሉ ነው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ፔሬድ ብቻ ያላቸውን ትምህርቶች ቀድመው ካስገቡ፣ አምስት ፔሬድ የሚፈልገው ትምህርት መጨረሻ ላይ ቦታ ያጣና በአንድ ቀን ሁለቴ ይወድቃል። መጀመሪያ አንድ ብቻ የሆነውን ነገር ያስይዙ፦ የኮምፒውተር ክፍሉን፣ ላብራቶሪውን፣ የስፖርት ሜዳውን። ቀጥሎ ቀናቸው የተወሰነ መምህራን ይግቡ፤ በሁለት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ፣ የሚያጠቡ እናቶች። ከዚያ ብዙ ፔሬድ ያላቸው ትምህርቶች፤ አንድ ፔሬድ ያለው መጨረሻ ላይ ክፍተት ይሞላል። ከማጽደቅዎ በፊት አንድ ማካፈል ይሥሩ፦ የኮምፒውተር ክፍሉ አንድ ከሆነ በሳምንት የሚያስተናግደው 35 ፔሬድ ነው። 24 ሴክሽኖች ሁለት ሁለት ፔሬድ ተግባር ቢመደብላቸው 48 ይሆናል። አይቻልም። «አይሲቲ ለምን በቃል ብቻ ይሰጣል?» የሚለው የወላጆች ቅሬታ ብዙ ጊዜ መልሱ ይኸው ነው እንጂ የመምህሩ ስንፍና አይደለም።

የክፍል ምልከታም እንዲሁ ተሰልቶ ካልተያዘ በወረቀት ብቻ ይሞላል። 42 መምህራን በሴሚስተር ሁለት ሁለት ጊዜ ቢታዩ 84 ምልከታ ነው፤ 16 የማስተማሪያ ሳምንት ቢኖር በሳምንት ከ5 በላይ። አንዱ ምልከታ 40 ደቂቃ ክፍል ውስጥ፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ ደግሞ ከመምህሩ ጋር ውይይት ይፈልጋል። አንድ ሰው ከጥር በፊት ይደክማል። የመጀመሪያውን ዙር ለትምህርት ክፍል ተጠሪዎች ይስጡ፣ ሁለተኛውን እርስዎ ይያዙ፤ ያኔ ድርሻዎ በሳምንት 3 ገደማ ይሆናል። በየዓመቱ ከአንድ መምህር የሚጠበቀው የ60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያም ርዕሱን ከዚህ ምልከታ ቢያገኝ ይሻላል። ምልከታው «ጥያቄ አጠያየቅ ላይ ድክመት አለ» እያለ ሥልጠናው ስለ ሌላ ጉዳይ ከሆነ ሰዓቱ ፎርም ላይ ተሞልቶ ይቀራል።

12ኛ ክፍል ያለበት ትምህርት ቤት ላይ የዚህ ወንበር ክብደት ጨምሯል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ተሰጥቷል፤ በዚያ ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ እንደነበሩ ከተነገረ ወዲህ «ስንት አሳለፋችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከወላጅም ከወረዳም ይመጣል። ተማሪን ስለሚያንገላታው የምዝገባ ስህተት ግን ማንም አይጠይቅም። ስም በሮስተሩ (የተማሪዎች የውጤት መዝገብ) «ኃይሉ»፣ በ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱ «ሀይሉ»፣ በምዝገባው ሌላ ይሆናል፤ የአያት ስም ይዘላል፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ በተፈጥሮ ሳይንስ ይገባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ዝርዝሩ ከመላኩ በፊት ታትሞ ይለጠፍ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በስሙ ትይዩ ይፈርም።

የአስተዳደር ምክትል

ይህን ወንበር ብዙዎች «ቀለሙን የሚተው» ብለው ይሸሹታል። እውነት ነው፣ ከክፍል ያርቃል። ነገር ግን ፊርማ በብዛት ያለበት ወንበር ይህ ነው፤ ስህተቱም በውጤት ትንተና ሳይሆን በኦዲት ይታያል። ግዥ፣ ንብረት፣ ጥገና፣ ጥበቃና ጽዳት፣ የድጋፍ ሠራተኞች፣ ውኃና መብራት፣ ከወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት (ወተመህ) ጋር የሚደረግ ሥራ በእሱ ሥር ነው። በአዲስ አበባ የተማሪዎች ምገባ ባለበት ትምህርት ቤት የቁርስና ምሳው ክትትልም ይጨመርበታል።

አንድ ምሳሌ ይበቃል፤ የሴሚስተር ፈተና ወረቀት። 24 ሴክሽን፣ በአንዱ 45 ተማሪ (የሁለተኛ ደረጃ ስታንዳርዱ 40 ቢልም) በድምሩ 1,080 ተማሪ ነው። የአንድ ትምህርት ፈተና 4 ገጽ ቢሆንና በሁለት በኩል ቢታተም 2,160 ወረቀት ይወስዳል፤ በ10 ትምህርት 21,600። በ500 ወረቀት ደስጣ 43.2፤ ለብልሽት 5 በመቶ ሲጨመር 46 ደስጣ። ጥያቄውን የሚያወጣው የመማር ማስተማሩ ወገን ነው፤ ወረቀቱንና ቀለሙን የሚያቀርበው የአስተዳደሩ። የወረቀት መጠየቂያው ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ከመጣ ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ለመሰብሰብ ጊዜ የለም፤ ከአንድ ሱቅ በጥድፊያ ይገዛል፤ በኋላ ኦዲተር «ሌሎቹ ሁለት ፕሮፎርማዎች የት አሉ?» ሲል መልስ የሚጠበቀው ከፈረመው ሰው ነው። ስለዚህ የፈተና ቀን በዓመቱ መርሐ ግብር ላይ እንደተጻፈ፣ ከዚያ 6 ሳምንት ወደኋላ ቆጥረው የወረቀት መጠየቂያ የመጨረሻ ቀን ብለው ያስጽፉ።

ንብረት ላይ ሦስት እጅ ይለያዩ፦ የሚገዛው፣ የሚረከበው፣ የሚያወጣው። ዕቃ ሞዴል 19 በሚባለው ቅጽ ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ገዢው ራሱ ዕቃውን በቀጥታ ለክፍል ካደለና ሞዴሉ «በኋላ ይሞላል» ከተባለ፣ አይሞላም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ቆጠራው ጉድለት ያሳያል፤ መዝገቡ ላይ የሌለ ወንበር ደግሞ ክፍል ውስጥ ቢኖርም የጠፋ ነው። ምገባ ባለበት ደግሞ የዕለቱን ተመጋቢ ቁጥር ከክፍል ኃላፊዎች የመቅረት መዝገብ ጋር በየቀኑ ያስተያዩ። በሳምንት አንዴ ከተባለ የዓርብን ቁጥር ሰኞ ላይ ማስታወስ የሚችል ሰው የለም።

ይህ ወንበር ለማን ይሆናል? ወረቀት የሚጠላ ሰው አይያዘው። ከዘበኛ፣ ከጽዳት ሠራተኛ፣ ከቧንቧ ሠሪና ከወረዳ ፋይናንስ ጋር በአንድ ቀን በአራት ዓይነት አነጋገር መነጋገር የሚችል ሰው ግን እዚህ ላይ ትምህርት ቤት ሊለውጥ ይችላል። የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት ውኃ ያለው መሆኑ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ መቅረትን ይቀንሳል።

ዩኒት ሊደር

ዩኒት ሊደር የአንድ ክፍል ደረጃ፣ የአንድ ሕንፃ ወይም የአንድ ፈረቃ አለቃ ነው፤ በፈረቃ በሚሠራ ትምህርት ቤት የከሰዓቱ ፈረቃ በተግባር የእሱ ነው። ሰልፍ፣ አርፋጅ፣ ቀሪ መምህር መተካት፣ የክፍል ኃላፊዎችን ማስተባበር፣ የተማሪ ሥነ ምግባር፣ ወላጅ ማነጋገር። አብዛኛውን ጊዜ እያስተማረ ይሠራል፤ የፔሬድ ቅነሳ ቢደረግለትም ሥራው በቀሩት ፔሬዶች መሀል እየገባ ያቋርጠዋል። ለዚህ ነው «ስንት ፔሬድ ይቀነስልኛል?» ከሚለው በላይ «የትኞቹ ፔሬዶች ነፃ ይሆናሉ?» ብሎ መጠየቅ የሚጠቅመው። ዩኒት ሊደር በመጀመሪያው ፔሬድና ከዕረፍት በኋላ ባለው ፔሬድ ማስተማር የለበትም፤ አርፋጁም ጠቡም የሚመጣው በእነዚያ ሰዓቶች ነው። ይህን ጥያቄ ድልድሉ ከመለጠፉ በፊት ያቅርቡ፤ ከተለጠፈ በኋላ አንዱን ማንሳት አሥሩን ያንቀሳቅሳል።

እዚህ ወንበር ላይ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ሥነ ምግባር ነው። የኢ.ፌ.ዴ.ሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አርፋጅን በር ላይ ማንበርከክ፣ ዘበኛ በዱላ እንዲያስገባ ዝም ማለት፣ «ወላጁ ራሱ ምቱልኝ ብሏል» ብሎ መከራከር፣ አንዱም አያድንም። የሚያድነው መዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ጉዳይ ቀን፣ የሆነው ነገር፣ ተማሪው ራሱ የሰጠው ቃል፣ የተወሰደው እርምጃ፣ ወላጅ የተጠራበት ቀን ይጻፍ። መጀመሪያ ምክር፣ ከዚያ የወላጅ ፊርማ ያለበት ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ብቻ ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴ። ዩኒት ሊደር በራሱ ሥልጣን ተማሪ ለሳምንት ካባረረ፣ ቃለ ጉባዔ የሌለው ቅጣት ወላጁ ወረዳ ሲሄድ በአንድ ቀን ይሻራል፤ ከዚያ በኋላ ያ ተማሪ ግቢ ውስጥ ዩኒት ሊደሩን የሚያይበት ዓይን ሌላ ነው።

የትምህርት ክፍል ተጠሪ

ሁሉም ዝቅ አድርጎ የሚያየው፣ በእኛ ግምት ግን ትምህርት ላይ ትልቁ ለውጥ የሚመጣበት ወንበር። ተጠሪው ማስተማሩን አይተውም፤ 18 ፔሬድ ይዞ የ6 መምህራን ሳምንታዊ ዕቅድ ያያል። አንዱን በ15 ደቂቃ ቢያይ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ የትምህርት ክፍሉ ስብሰባ፣ የፈተና ጥያቄ ማጣራት፣ አዲስ መምህር ማገዝ ይጨመርበታል። የሚከፈለው ጥቅም በአብዛኛው ትንሽ ነው፤ የሚያተርፈው ሙያውን ነው።

ብዙ ትምህርት ክፍል ውስጥ ዕቅድ ዓርብ ከሰዓት ተሰብስቦ ሁሉም ላይ «ታይቷል» ተብሎ ይፈረማል። ከዚያ ይልቅ በየሳምንቱ የሁለቱን መምህራን ዕቅድ ብቻ በጥልቀት ይዩ፤ በሦስት ሳምንት ስድስቱም ይዳረሳሉ። ዕቅዱ ላይ አንድ ነገር ይፈልጉ፦ ተማሪው በዚያ 40 ደቂቃ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ተጽፏል ወይስ መምህሩ ምን እንደሚናገር ብቻ? ፈተና ላይ ደግሞ ጥያቄዎቹ ከስንት ምዕራፍ እንደወጡና ስንቱ ማስታወስ፣ ስንቱ ማሰብ እንደሚጠይቅ በሠንጠረዥ አስቀምጠው ይፈትሹ። ሁለት መምህራን አንድ ክፍል ደረጃ ቢያስተምሩና አንዱ ምዕራፍ 5 ላይ፣ ሌላው ምዕራፍ 3 ላይ ቢሆኑ፣ የጋራ ፈተና ሲመጣ የአንዱ ተማሪ ሁሉ ይወድቃል። ይህን ኅዳር ላይ ማየት የሚችለው ተጠሪው ብቻ ነው፤ ምክትሉ የሚያየው ውጤቱ ከወጣ በኋላ ነው።

ተጠሪው የባልደረቦቹን የሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ አስተያየት እንዲሰጥ ከተደረገ ግን ይጠንቀቁ። ትናንት አብሮት ቡና የሚጠጣ ሰው ዛሬ ነጥብ ሲሞላ የሚያድነው ማስረጃ ነው፦ የምልከታ ቅጽ፣ ዕቅድ የቀረበበት ቀን፣ የተመለሰ ፈተና። ያለ ማስረጃ ለሁሉም ከፍተኛ መስጠት ይቀላል፤ በኋላ እውነት የሚሠራውን ሰው ያስከፋል።

በግል ትምህርት ቤት የሚለየው

ስሞቹ ይለወጣሉ፤ አካዳሚክ ኃላፊ፣ አስተባባሪ፣ የክፍል ደረጃ አስተባባሪ ይባላሉ። ከስሙ በላይ የሚለየው ባለቤቱ አጠገብ መኖሩ ነው። ርዕሰ መምህሩ አንድ ሲል ባለቤቱ ሌላ ካለ መሀል የሚቆመው እርስዎ ነዎት። ውሉ ላይ «ተጠሪነቱ ለማን ነው» የሚለው መስመር በስም ሳይሆን በሥራ መደብ ይጻፍ። ክፍያ ያልከፈለ ተማሪ ከፈተና እንዲወጣ ማዘዝ የማን ሥራ እንደሆነም አስቀድመው ይጠይቁ፤ ካልተጠየቀ የእርስዎ ይሆናል።

ከመፈረም በፊት

የሥራ ዝርዝሩን በጽሑፍ ይጠይቁ። የለም ከተባለ ያለፈው ሰው የሠራውን ራስዎ በአንድ ገጽ ጽፈው ርዕሰ መምህሩን «ይህ ነው?» ብለው ያስፈርሙ፤ የማይፈርም ርዕሰ መምህር አሁኑኑ ብዙ ነግሮዎታል።

ደብዳቤው ላይ «ተጠባባቂ» ወይም «ለጊዜው» የሚል ቃል ካለ ማብቂያ ቀን ይጻፍበት። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «ለጊዜው» ከሁሉ ቃል ረጅሙ ነው፤ ሙሉ ሥራ እየሠሩ የመደቡ ጥቅም ሳይሰጥዎ ዓመት ያልፋል።

ርዕሰ መምህሩ ሥልጠና ሲሄድ ወይም ሲታመም ማን ይተካል? ሁለት ምክትል ባለበት ይህ ካልተለየ፣ የመጀመሪያው ችግር ቀን ሁለቱም ያዛሉ ወይም ሁለቱም ይጠፋሉ። ውክልናው በደብዳቤ ይሁን፤ ምን እንደማይጨምርም ይጻፍ። በተለምዶ የዕለት ሥራ ማዘዝ ይጨመራል፤ ገንዘብ መፈረምና ሠራተኛ መቅጣት ግን በግልጽ ካልተባለ አይገመትም።

የሙያ ዕድገትዎን ያስሉ። የትምህርት ክፍል ተጠሪና ዩኒት ሊደር በመምህርነት መሰላል ላይ ይቆያሉ፤ ከጀማሪ መምህር ወደ መሪ መምህር የሚወስደው ጉዞ አይቋረጥም። የርዕሳነ መምህራንና የሱፐርቫይዘሮች መሰላል ሌላ ነው። ወደ ምክትልነት ሲሻገሩ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚመደቡና ወደ ማስተማር ቢመለሱ ደረጃዎ ምን እንደሚሆን የሰው ሀብት ክፍሉን በጽሑፍ ይጠይቁ። በትምህርት ቤት አመራር የድህረ ምረቃ ዲፕሎማ የሚጠየቅ ከሆነ ክረምቶችዎ ለዚያ ይሄዳሉ፤ የበጋው ጥገና ደግሞ ወደ ክረምት ከተገፋ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ በተለይ ለአስተዳደር ምክትል።

የኢንስፔክሽን የመጨረሻ ሪፖርት እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ትምህርት ቤት የሚመዘንባቸው 26ቱ ስታንዳርዶች በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት የተከፈሉ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ግብዓት ላይ ከወደቀ የሚከብደው የአስተዳደሩ ወንበር ነው፤ ሂደት ላይ ከሆነ የመማር ማስተማሩና የተጠሪዎቹ። ባዶ የቀረው ወንበር የትኛው እንደሆነና ሪፖርቱ የት እንደሚያመለክት አንድ ላይ ካነበቡ፣ ለምን እርስዎ እንደተፈለጉም ይገባዎታል።

ርክክብ

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ርክክብ ነው፤ ከሰላምታ ቀጥሎ ቁልፍ ተቀብሎ መቀመጥ አይደለም። የአስተዳደር ምክትል ከሆኑ ግምጃ ቤቱ በሦስት ሰው ተቆጥሮ፣ ያልተዘጉ ግዥዎች ተዘርዝረው፣ የማኅተምና የቁልፍ ብዛት ተጽፎ ሦስቱም ይፈርሙ፤ የጎደለው ከእርስዎ ቀን በፊት መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው። የመማር ማስተማር ምክትል ከሆኑ ያለፈውን ዓመት ሮስተር፣ ያልተሟላ የማርክ ሊስት፣ ቅሬታ የተነሣባቸው ውጤቶችና የፈተና ማከማቻውን ቁልፍ ይረከቡ፤ ቁልፉ ስንት ቅጂ እንዳለው ሳይጠይቁ አይፈርሙ። ዩኒት ሊደር ክፍት የሥነ ምግባር ጉዳዮችን ይቀበላል፤ ማስጠንቀቂያ የተሰጣቸው ተማሪዎች ስምና ቀን ያለበት መዝገብ ከሌለ «መዝገብ አልተረከብኩም» ብሎ ይጻፍ። ተጠሪው የመማሪያ መጻሕፍት ቁጥርንና ያለፉትን ፈተናዎች ፋይል ይረከባል። ቀዳሚው ሰው ተዛውሮ ከሄደና ርክክብ የሚያደርግ ከሌለ፣ ርዕሰ መምህሩና አንድ የወተመህ አባል ባሉበት ቆጥረው ቃለ ጉባዔ ይያዙ፤ አንዱ ቅጂ ማህደርዎ ውስጥ፣ አንዱ ቤትዎ ይቀመጥ።